የአክስቴ የዳልሌ ሙሽራ

አክስቴ ዳልሌ የባሕሩን ንጉሥ ልጅ ልታገባ መሆኑን ከመንደራችን ልጆች ሁሉ ቀድሜ ያወቅሁት እኔ ነኝ። ሰባት ዓመቴ ነበር። ለማንም አልናገርም ብዬ ለራሴ ምዬ ነበር፤ መሐላዬ የቆየው ግን ከባሕሩ ዳር ተነሥቼ ሰፈር እስክደርስ ነው።

ያወቅሁት እንዲህ ነው። ጃፓኖች በሚገዟት ደሴታችን ላይ፣ በመንደራችን በገምዶል ባሕር ዳር፣ ጠላቂዎቹ ሴቶች ከውሃ ሲወጡ የሚሞቁበት፣ ዙሪያውን በጥቁር ድንጋይ የታጠረ፣ ጣሪያ የሌለው ቦታ ነበር። መሐሉ ላይ እሳት ይነዳል። ሴቶቹ ውሃ ላይ የሚያንሳፍፋቸውን ቅልና መረባቸውን ትከሻቸው ላይ አንጠልጥለው፣ ከንፈራቸው ጠቁሮ፣ ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ ይገባሉ። እርጥቡን ልብስ አውልቀው ጀርባቸውን ለእሳቱ ይሰጣሉ፤ ትንሽ ሙቀት ሲሰማቸው አፋቸው ይከፈታል። ከተከፈተ ደግሞ የሚዘጋው የለም። ባሎቻቸውን፣ አማቶቻቸውን፣ ከባሕር ሥር የሚለቅሙትን የሚበላ ዛጎል በርካሽ የሚወስደውን ጃፓናዊ ነጋዴ፣ ሁሉንም እዚያው እሳት ላይ ሲጠብሷቸው ይውላሉ። ጭስ የማይደርስበት ጥሩ ቦታ የአለቃቸው የእማማ ቡ ነበር። እማማ ቡ በዕድሜ የገፉ፣ አንድ ጆሯቸው የማይሰማ፣ ውሃ ውስጥ ሲገቡ ግን ወጣቶቹን ሁሉ የሚያስከነዱ ሴት ነበሩ።

ልጅ ወደዚያ አይገባም። እኔ ግን እናቴ ከጠላቂዎቹ አንዷ ስለሆነች ስኳር ድንች አመድ ውስጥ የመቅበር ሥራ ተሰጥቶኝ ነበር፤ ድንቹ እስኪበስል የሚያባርረኝ የለም። ድንቹ ቶሎ እንዳይበስል የማደርግበት ዘዴም ነበረኝ።

አንድ ቀን እማማ ቡ ፀጉራቸውን እየጨመቁ፣ "ሙሽራው በላ?" ብለው ጠየቁ።

"በልቷል" አለች አክስቴ ዳልሌ። "ሳሉ ግን አልተወውም።"

"ውሃ ውስጥ ተቀምጦ ካላሳለው የት ሊያስለው ነው?" አለች እናቴ።

ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ። አንዷ አክስቴን በክርኗ ጎሸም እያደረገች፣ አጎረስሽው ወይስ ራሱ በላ፣ አንቺስ ቀመስሽለት ወይ እያለች ታደርቃት ጀመር። አክስቴ የእናቴ ታናሽ እህት ናት። ሃያ ዓመቷ ነበር፣ አላገባችም፣ ስትቆጣ አፍንጫዋ ይነፋል። አፍንጫዋ ተነፋ። ሴቶቹ ይህን ሲያዩ ይባስ ብለው እርስ በርሳቸው ተደጋግፈው ሳቁ።

እኔ እንጨቴን ይዤ አመዱን እየጫርኩ ነገሩን አሰላሰልኩት። ሙሽራ ነው። ውሃ ውስጥ ይኖራል። ምግብ የምትወስድለት አክስቴ ናት። ባሕሩ ሥር ደግሞ ማን እንደሚኖር የማያውቅ ልጅ በደሴታችን የለም፤ ዘንዶው ንጉሥ ነው፣ ሴቶቹ በየዓመቱ ሩዝ በወረቀት ጠቅልለው የሚወረውሩለት። እንግዲህ ልጁ መሆን አለበት። የንጉሥ ልጅ እንዴት ይስለዋል የሚለው ትንሽ አስቸግሮኝ ነበር። ግን እኛ ውሃ ውስጥ ስንቆይ ጉንፋን ከያዘን፣ እሱም አየር ላይ ሲወጣ ቢይዘው ምን ይገርማል ብዬ ተውኩት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያየሁት ሁሉ ማስረጃ ሆነልኝ። አክስቴ ጠዋት ወደ ባሕር ስትወርድ ወገቧ ወፍራም ነው፤ ስትመለስ ቀጭን። እናቴ ገብስ ቅንጨውን ለእኔ ጨልፋ የራሷን ሳህን ባዶ ትተወውና እሳቱ ዳር በልቻለሁ ትለኛለች፤ እሳቱ ዳር ግን ከእኔ ድንች ሌላ ምግብ አይቼ አላውቅም። ይህንም ለሠርግ እየቆጠቡ ነው ብዬ ተረጎምኩት። ከሁሉ የበለጠ ደግሞ ሳቃቸው። የዚያን ዓመት በጋ የገምዶል ሴቶች እንደሳቁት ሰው ሲስቅ አላየሁም። የጃፓን ወታደሮች በባሕሩ ዳር መንገድ ብቅ ባሉ ቁጥር ውሃው ላይ ያሉት ሴቶች በአንድ ጊዜ ካካካ ብለው ይስቃሉ፤ ያም ሲያልቅ የቀዘፋ ዘፈን ይለቁታል። ወታደሮቹ ቆም ብለው ያዩዋቸዋል፣ አንዳንዱ እጁን ያውለበልባል፣ ያልፋሉ። እኔም ከድንጋይ ላይ ሆኜ ያለ ምክንያት አብሬ እስቃለሁ። ሠርግ የተቃረበበት ሰፈር እንዲህ ነው መቼም።

ያ ሳቅ ወታደር መጣ የሚል ምልክት እንደነበረ ያወቅሁት የራሴን ልጆች ከወለድኩ በኋላ ነው። በባሕሩ ቋጥኝ ሥር የተደበቀው ሰው ሳቃቸውን ሲሰማ አፉን በጨርቅ አፍኖ ሳሉን ይውጣል። ዘፈኑ ሲቆም ይተነፍሳል።

እንግዲህ ለሙሽራ ስጦታ ያስፈልጋል። እኔ የነበረኝ የዛጎል ቅርፊትና ጭራዋ የተሰበረ የእንጨት ዳክዬ ብቻ ነው። ሳጥኑ ውስጥ ግን የአባቴ የክት ካባ ነበር፤ ነጭ፣ ረጅም፣ እጀ ሰፊ። አባቴን ከዓመት በፊት ለከሰል ማዕድን ወደ ጃፓን ወስደውታል። ከሰል ለመቆፈር ነጭ ካባ አያስፈልግም፤ ያለበለዚያ ይዞት ይሄድ ነበር ብዬ አሰብኩ። እናቴ ባሕር በወረደችበት ካባውን አወጣሁና ሴቶቹ "የጥርስ ድንጋይ" ወደሚሉት ቋጥኝ ሄጄ፣ አክስቴ ሁልጊዜ ከምትጠልቅበት በኩል ወረወርኩት።

ይሰጥማል ብዬ ነበር። አልሰጠመም። ነፋስ ገባበትና ተነፋ፣ እጆቹን ዘረጋ፣ ማዕበሉ ላይ ተንጋሎ እየተንሳፈፈ ሄደ። ሙሽራው ለብሶት እየዋኘ ነው ብዬ በደስታ አጨበጨብኩ። ልኩ ሆነለት አልኩ።

በማግስቱ ካባውን መቶ አለቃ ኩሳካቤ ይዞት መጣ።

መቶ አለቃው መነጽር ያደረገ፣ ገና ወጣት፣ ላቡን የሚጠርግበት መሐረብ ከእጁ የማይለይ ሰው ነበር። ወታደሮቹ ደሴታችን ላይ ከፀደይ ጀምሮ ነው የበዙት፤ የአሜሪካኖች መርከቦች ይመጣሉ ተብሎ የባሕሩን ገደል በዋሻ እየበሱት ነበር። ቁፋሮውን የሚሠሩት ከባሕር ማዶ ካለው ከዋናው ምድር ተገድደው የመጡ የእኛው ሰዎች ናቸው። ከመቶ አለቃው ጎን አስተርጓሚው ቢዮን አለ። ቢዮን ከወረዳው ጽሕፈት ቤት የሚላክ የደሴታችን ልጅ ነው፤ ሴቶቹ ከፊቱ ጎንበስ ብለው ያልፋሉ፣ ካለፉ በኋላ ምራቃቸውን ይተፋሉ።

ሴቶቹ ገና ከውሃ መውጣታቸው ነበር። ካባውን ድንጋይ ላይ ዘረጉትና ቢዮን የመቶ አለቃውን ቃል ተናገረ። ከዋሻው ሥራ የጠፋ ሰው አለ፤ ወር አልፎታል። ወንድ ሁሉ ተጠርጎ በሄደበት መንደር የወንድ ልብስ ባሕር ላይ ሲንሳፈፍ ተገኝቷል። የማን ነው?

እናቴ የባሌ ነው፣ አጥቤ ሰጥቼው ነፋስ ወሰደብኝ አለች። መቶ አለቃው ካባውን አገላበጠና ታጥቦ ከተሰጣ፣ ሳጥን ውስጥ የታጠፈበት መስመር ለምን ይታይበታል አለ።  ሁሉም ዝም አሉ። የገምዶል ሴቶች ዝም ሲሉ ሳይ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር።

እኔ ደግሞ መልሱን አውቃለሁ። የሚያውቅ ልጅ ዝም ሊል አይችልም።

"እኔ ነኝ የሰጠሁት" አልኩ። "ለአክስቴ ሙሽራ ነው። የባሕሩ ንጉሥ ልጅ ነው፣ ልታገባው ነው።"

ቢዮን ጎንበስ ብሎ አየኝ። የት ነው የሚኖረው አለኝ። እኔም ጣቴን ወደ ጥርስ ድንጋይ ቀሰርኩና ሁሉንም ነገርኩት። እዚያ ሥር እንደሚኖር፣ አክስቴ የገብስ ድብልብል በወገቧ አስራ እንደምትወስድለት፣ ክፉኛ እንደሚያስለው፣ እማማ ቡ በየቀኑ በላ ወይ ብለው እንደሚጠይቁ፣ ካባውም ልኩ እንደሆነ። አንድም አላስቀረሁም። እናቴ እጇን ትከሻዬ ላይ ጣል ስታደርግ በጣም ከበደኝ፤ ኮርታብኝ ነው ብዬ ቀጥ ብዬ ቆምኩ።

ቢዮን ቀና ብሎ በጃፓንኛ ተናገረ። እኔ ያን ያህል ብዙ ተናግሬ የእሱ በጣም ማጠሩ ቅር አሰኘኝ። መቶ አለቃው ሰማው፣ እኔን አየኝ፣ አክስቴን አያት፣ ከዚያም አፉ ጥግ ላይ የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ። እማማ ቡ ያችን ቅጽበት አላሳለፏትም። ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፍነው እንደተጋለጠ ሰው ወዲያና ወዲህ ይወዛወዙ ጀመር፤ ይህች አፈኛ፣ የሴቶችን ምሥጢር ለወንድ ታወጣለች ብለው አማረሩ። ከዚያም እየተሽኮረመሙ ለቢዮን አስረዱት። ባሕሩ ዛጎል እንዲሰጠን በየጊዜው አንዲት ልጃገረድ እንድርለታለን፤ በጀልባ ወስደን ውሃ አስነክተን የምንመልሳት ለወጉ ነው እንጂ ሌላ ነገር የለውም፤ ዘንድሮ ተራው የዳልሌ ነው አሉ።

እንዲህ ያለ ወግ ገምዶል ውስጥ ኖሮ አያውቅም። እማማ ቡ እዚያው ቆመው የፈጠሩት ነው።

መቶ አለቃው ሳቀ። ከፀደይ ጀምሮ ድንጋይና ጭቃ ሲያይ የከረመ ሰው ነው፤ ሲስቅ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ። ሠርጉን አየዋለሁ አለ። ወታደሮቹም ትኩስ ዛጎል ይበላሉ አለ። እማማ ቡ ደስ አላቸው፤ አንድ ነገር ብቻ አሉ። የሙሽራው ቤተሰብ ከላይ የሚመለከት ወንድ አይወድም፣ ከገደሉ ጫፍ ወንድ ካየው ዓመቱን ሙሉ ባሕሩ ዛጎል ይነሣል። ስለዚህ ወንዶች ሁሉ፣ ገደሉ ላይ ጥበቃ ያሉትም ጭምር፣ ታች አሸዋው ላይ ተቀምጠው ይብሉ። መቶ አለቃው ዛጎሉን ስለፈለገው እሺ አለ።

ቤት ስንገባ እናቴ በሩን ዘግታ አቀፈችኝ። ሰውነቷ ይንቀጠቀጥ ነበር። የምትስቅ መስሎኝ አብሬያት ሳቅኩ፤ ብዙ ሳቅኩ፤ እሷም ትንሽ ቆይታ የምሯን ሳቀች።

እናቴ በልጅነቷ ለመጥለቅ ሥራ ጃፓን ባሕር ድረስ ትሄድ ስለነበር ቋንቋውን ትሰማለች። ቢዮን ያለውን ቃል በቃል የነገረችኝ እሷ ናት፤ ግን ከብዙ ዓመት በኋላ። "ሕፃኗ ባሕር ውስጥ ልዑል አለ፣ አክስቴ ታገባዋለች ትላለች፤ የባልቴቶች ተረት ነው" ነው ያለው። ሳሉን አልተናገረም። ገብሱን አልተናገረም። ጣቴ የት እንደጠቆመም ሲጠየቅ "ወደ ባሕሩ" ብቻ አለ።

ሙሽራው ስሙ ፒልጉ ነው። ከዋናው ምድር፣ ባሕር ከማይታይበት ተራራማ አገር የመጣ ገበሬ ነበር። ዋሻው ተንዶ አጠገቡ የሚቆፍረው ጓደኛው ሲሞት ሸሸ፤ የባሕሩ ውሃ በየቀኑ እንደሚያደርገው ከዳሩ ርቆ በሸሸበት ሰዓት በቋጥኞቹ መሐል ሲሄድ ውሃው ተመልሶ መጣበት። አክስቴ ዳልሌ ያገኘችው ድንጋይ አቅፎ ዓይኑን ጨፍኖ ሲጮህ ነው። መዋኘት አያውቅም። በፀጉሩ ይዛ እንደ ባሕር ሣር ጎትታ፣ በውሃ ሥር አሳልፋ፣ የጥርስ ድንጋይ ሥር ካለው ጨለማ ዋሻ አስገባችው። ያ ዋሻ በሩ ውሃ ሥር፣ ውስጡ ግን አየር ያለበት ነው፤ ከሴቶቹ በቀር የሚያውቀው አልነበረም። "ሙሽራው" ያሉት እማማ ቡ ናቸው፣ እንደ እኔ ያለ ጆሮ ቢሰማ እንዳይገባው ብለው። እኔ ግን በጣም ገባኝ።

የሠርጉን ሥርዓት ለማውጣት ሴቶቹ እሳቱን ከበቡ። ያን ቀን ድንች ሳልቀብርም አላባረሩኝም፤ የሙሽራዋ ዘመድ ነኛ። አንዷ ሙሽራዋ ጀልባው ላይ ፊቷን ወደ ኋላ አዙራ ትቀመጥ አለች። ሌላዋ አይሆንም፣ ወደ ኋላ የሚቀመጠው ሬሳ ነው አለች። አንዷ ድስት እንምታ አለች። እማማ ቡ ሁላችንም ግንባራችንን ጥላሸት እንቀባ አሉ፤ ለምን ሲሏቸው ወታደር ፊታችንን ለይቶ እንዳይቆጥረን ነዋ አሉ። ይህን ስትሰማ እናቴ በአመድ የተነከረ ጣቷን በእማማ ቡ አፍንጫ ላይ አሳረፈች። ያበቃለት ነገር ሆነ። ጥላሸት እየተቀባቡ፣ እየተሳደቡ፣ አንዷ ሌላዋ ላይ እየወደቀች ሳቁ። እኔ እያንዳንዱን ነገር የጥንት ሕግ ነው ብዬ በቃሌ ያዝኩት። አክስቴ ብቻ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣ ነበር። ማንም እኔን አልጠየቀኝም ስትል ሰማኋት። ሙሽራ ሁሉ እንዲህ ይላል ብዬ አዘንኩላት።

የሠርጉ ቀን ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ለአክስቴ አረንጓዴ ጃኬትና ቀይ ቀሚስ ተበድረው ከመጥለቂያ ልብሷ በላይ አለበሷት። ጀልባዋን በነጭ ጨርቅ ሸለሙ፤ ድስት እየመቱ፣ ግንባራቸው ጠቁሮ፣ እየዘፈኑ ገፏት። ወታደሮቹ ጫማቸውን አውልቀው አሸዋው ላይ ተቀምጠዋል። የቀሩት ሴቶች ዛጎሉን ፍም ላይ እየዘረጉ ያቀርቡላቸዋል። ሽታው መንደሩን ሞላው። አንድ ጉንጨ ቀይ ወታደር፣ እሱም የባሕር ዳር ልጅ መሆን አለበት፣ በዘፈኑ እኩል ያጨበጭብ ነበር፤ ሌሎቹ ግንባራቸውን ጥላሸት ቀብተው እንደ ሴቶቹ ይሽኮረመሙ ነበር። መቶ አለቃው ሲስቅ ትን ብሎት ቢዮን ጀርባውን መታለት።

ከገደሉ ላይ ማየት የተከለከለው ለወንድ ነው። እኔ ወንድ አይደለሁም። ማንም ሳያየኝ ገደሉን ወጣሁ።

ከላይ ሁሉም ይታያል። ጀልባዋ ከአሸዋው በኩል በማትታይበት በጥርስ ድንጋይ ጀርባ ቆማለች። አክስቴ ጃኬቱንና ቀሚሱን አውልቃ ጣለችና ውሃው ውስጥ ገባች። ሴቶቹ መዝፈናቸውን አላቋረጡም፤ ዓይናቸው ግን ውሃው ላይ ነው። ቆየች። ዘፈኑ እየፈጠነ ሄደ። እኔም ከላይ ሆኜ ትንፋሼን ይዤ ነበር፤ ደረቴ ሲፈነዳ ለቀቅሁት፣ እሷ ገና አልወጣችም።

ከዚያ ውሃው ተሰነጠቀና አክስቴ ወጣች፤ ጠላቂ ከውሃ ሲወጣ የሚያስወጣው የትንፋሽ ፉጨቷ እኔ ድረስ ተሰማ። በእጇ ፀጉር ይዛለች። በፀጉሩ ሥር ሰው አለ። ሴቶቹ በብብቱና በቀበቶው ይዘው ጀልባው ላይ ጎተቱት፤ ረጅም ነው፣ ነጭ ነው፣ ዓይኑን ጥርቅም አድርጎ ጨፍኗል፣ አፉ እንደ ዓሣ ይከፈታል ይዘጋል። ከባሕር የወጣ ልዑል በፀሐይ ዓይኑን መግለጥ እንደሚቸግረው ወዲያው ገባኝ። ሴቶቹም ያን የሙሽራ ቀይ ቀሚስ በራሱ ላይ አጠለቁለት፣ ራሱን በጨርቅ አሰሩለት፣ ግንባሩን ጥላሸት ቀቡት። ከአክስቴ ይበልጥ ሙሽራ መሰለ። ከዚያ ጀልባው ጠርዝ ላይ ተደፍቶ አስመለሰ። የጠጣውን ባሕር ለአባቱ እየመለሰ ነው አልኩ።

ገደሉን በሩጫ ወረድኩ። ወድቄ ጉልበቴ ደማ፤ አልተሰማኝም። ወታደሮቹ መሐል ገብቼ፣ "ወጣ፣ በዓይኔ አየሁት፣ ቀይ ቀሚስ ለበሰ" ብዬ ጮኽኩ።

እሳቱ ዳር የነበረችው እናቴ የያዘችው መቆንጠጫ ከእጇ ወደቀ። መቶ አለቃው ምን አለች ብሎ ወደ ቢዮን ዞረ። ቢዮን አንድ ነገር ተናገረ፤ ወታደሮቹ በሙሉ በሳቅ ተንከባለሉ። መቶ አለቃው ራሴን ደባበሰኝና ከኪሱ ከረሜላ ሰጠኝ። በሕይወቴ የቀመስኩት የመጀመሪያ ከረሜላ ነው። እየመጠጥኩ ቢዮንን አየሁት፤ ጽዋውን በሁለት እጁ ይዞት ነበር፣ ያም ሆኖ መጠጡ እጅጌው ላይ ይፈሳል። ሰክሯል ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ቀን በኋላ ሴቶቹ ቢዮን ሲያልፍ መትፋት ትተው ነበር፤ ለምን እንደሆነ ግን ያኔ አልጠየቅሁም።

ጀልባዋ ስትመለስ አክስቴ አልነበረችባትም። እማማ ቡ ባሕሩ ዘንድሮ ሙሽራዋን ስለወደዳት ቀጣዩ መንደር ካሉ ዘመዶቿ ዘንድ ተቀምጣ ትቆያለች ብለው በቢዮን በኩል አስረዱ። መቶ አለቃው በልቶ ጠግቦ ነበር፤ እጁን አውለበለበ። እናቴ ግን የጀልባዋን ገመድ እንደያዘች ጮክ ብላ አለቀሰች። እህት ሲዳር ይለቀሳል። እኔ አላለቀስኩም፤ አክስቴ ባሕር ሥር በዛጎል በተሠራ ቤት ውስጥ ከረሜላ እንደምትበላ እርግጠኛ ነበርኩ።

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ጦርነቱ አለቀ ተባለ። ወታደሮቹ መሣሪያቸውን ጥለው ሄዱ። የሄዱ ወንዶች አንድ አንድ እያሉ ይመለሱ ጀመር፤ አባቴም ከስቶ፣ ጠቁሮ፣ ግን እየሳቀ መጣ። ካባውን ሲጠይቅ እናቴ ጃፓኖች ወሰዱት፣ ከዚያ በፊት ግን የባሕሩ ንጉሥ ልጅ ለብሶት ነበር አለችው። ድካሟ ነው ብሎ ሌላ ነገር አልጠየቀም።

በመከሩ ወራት አክስቴ ዳልሌ መጣች። ከባሕር አልመጣችም። ከወደቡ በሚመጣው አቧራማ መንገድ፣ ጥቅል ተሸክማ፣ እንደማንም ሰው በእግሯ መጣች። ከኋላዋ አንድ ረጅም፣ ፊቱ ጠቃጠቆ የሞላው፣ የገበሬ ሱሪ የለበሰ ሰውዬ ይከተላታል። መንገዱ ወደ ባሕሩ በተጠጋበት ቦታ ሁሉ ሰውዬው ወደ ውስጠኛው ጠርዝ ይሸሻል። ይህ ነው ባሏ አሉኝ።

አመንኩ? አላመንኩም። ለልጆቹ ሁሉ አክስቴ ልዑሉን ትታ ገበሬ እንዳገባች ነገርኳቸው፤ አብረን አለቀስን። ሰውዬው ፊቴ ቆሞ ለትልቅ ሰው እንደሚደረገው ወገቡን አጥፎ እጅ ነሣኝ። ዞር አልኩበት። በማግስቱ ውሃ ዳር አድፍጬ ስጠብቀው የማዕበል ጫፍ እግሩን ሲነካው ዘልሎ ድንጋይ ላይ ወጣ። በቃ፣ ነገሩ ተረጋገጠ።

አጎቴ ፒልጉ ገምዶል ውስጥ ከአርባ ዓመት በላይ ኖረ፤ ከጉልበቱ በላይ ውሃ ውስጥ አልገባም። እናቶቹ ሲጠልቁ የመንደሩን ሕፃናት እያዘለ ባሕሩ ዳር ይዞር ነበር፤ ከውሃ ሲወጡ እየሮጠ ለጡት ያቀብላቸዋል። የእኔንም ልጆች አዝሏል። ከጃፓን ነጻ ከወጣን በኋላ በደሴታችን ላይ የመጡት የእርስ በርስ እልቂት ዓመታት ግን ሌላ ናቸው፤ ከዚህ ታሪክ ጋር አልቀላቅላቸውም። ከእነሱም ተረፈ።

ባለፈው ሳምንት ቀበርነው። ከቀብሩ በኋላ ከአክስቴ ጋር ባሕሩ ዳር ተቀመጥን። እሷ ፀጉሯ ነጭ ሆኗል፣ መጥለቋን ግን አልተወችም፤ ሙቅ ውሃ ያለው የሴቶቹ የልብስ መቀየሪያ ቤት ተሠርቷል። እንዲህ ያለ ነገር አውርተን ባናውቅም ድንገት፣ "እትዬ፣ መቼ ነው የወደድሽው? ገና ዋሻው ውስጥ ሳለ ነው?" አልኳት።

"ማንን? እኔ እኮ ላገባው አልነበረም" አለች።

ዞሬ አየኋት።

"ዋሻው ጨለማ ነው" አለች። "ሳሉን እንጂ ፊቱን የት አየሁት? የእማማ ቡ የእህት ልጅ ባል የዓሣ ጀልባ ይዞ ከገደሉ ማዶ ይጠብቅ ነበር፤ እሱ ጋ አድርሼው ልመለስ ነበር። እማማ ቡ ግን ክንዴን ያዙኝ። ልጅቷ ልታገቢ ነው ብላ ለመቶ አለቃው ነግራዋለች፤ ማታውኑ ተመልሰሽ ብትታዪና ደግሞ ቢጠይቃት የሚወራውን እግዜር ይወቅ፤ እዚያው ቆዪ አሉኝ። የዳርሽኝ አንቺ ነሽ።"

 ቢያንስ መልኩ ደስ ብሎሽ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኋት።

"አረንጓዴ ነበር" አለች። "ቀይ ቀሚሴን ለብሶ ፊት ለፊቴ ያስመልሳል። ከዚያ ዓይኑን ገለጠና አየኝ። ገብሱን የምታመጪው አንቺ ነሽ አለኝ፤ አዎ ስለው እንደገና አስመለሰ። ዓሣ አጥማጆቹ ይህን ሰው ገመድ እንኳ ያዝ ቢሉት አይችልም ብዬ፣ እስከ ወደቡ ብቻ አልኩ። ወደቡ ላይ ፍተሻ ነበር፤ እስከ እናቱ ቤት ብቻ አልኩ። እናቱ ደጃፍ ላይ ቆማ ቀሚስ የለበሰ ልጇንና የዓሣ አጥማጅ ሱሪ የለበስኩትን እኔን አይታ፣ የቱን ምራቴ ብላ እንዳቀፈች እስከ ዛሬ አልገባኝም። እሷን ደግሞ እንዴት ብዬ ልንገራት? እስከ መከሩ ብቻ አልኩ።"

ቅሏን አንሥታ ትከሻዋ ላይ አደረገች። ውሃው እየሸሸ፣ ቋጥኞቹ እየወጡ ነበር።

"እንዲህ እያልኩ ባለፈው ሳምንት እስከ መቃብሩ ሸኘሁት" አለች። "ከዚያ ወዲያ እንግዲህ ራሱ ይሂድ፣ ደረቅ መሬት ነው።"

ልብሷን ለመቀየር ወደ ሴቶቹ ገባች።